ከብርድ ልብሱ ግርጌ ያለው ግራጫ

እኛ ሰፈር፣ በዚህች መንገድ ዳር፣ መሞት ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ሐዘኑን አይደለም የምለው፤ ሐዘን የትም አለ። እኛ ዘንድ ግን ሰው ሲሞት ከመቃብሩ ሌላ አንድ ተጨማሪ ማረፊያ ይጠብቀዋል። እሱም የእማማ ልቃቂት ብርድ ልብስ ነው።

እማማ ልቃቂት ሹራብ ሠሪ ናቸው። ከካፌው በላይ ባለው ፎቅ፣ ወደ መንገዱ የምታይ አንዲት መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ፣ መቀመጫው የረገበ ወንበር ላይ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሹራብ ሲሠሩ ኖረዋል። የተማሪ ሹራብ፣ የሕፃን ኮፍያ፣ የዘበኛ የአንገት ልብስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ብርድ ለሚፈራ ውሻ ሰደርያ። ክፍላቸው ውስጥ ያለው ክር ቢዘረጋ ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል፤ ሲመለስም መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ካልሲ ይተርፋል። ስሙን ያወጣላቸው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ቀን ከደረጃው ላይ አንድ ልቃቂት አምልጧቸው፣ እየተንከባለለ ወርዶ፣ መኪና ሳይፈራ መንገዱን ተሻግሮ፣ እሱ ቤት ገብቶ፣ ሲላጭ የነበረውን ደንበኛ ከነወንበሩ አስሮት ነበር ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ከሚለው ግማሹን ማመን ይበቃል። ስሙ ግን ቀረ።

እማማ ልቃቂት በሙያቸው አንድ ሕግ አላቸው። ሹራብ ሲያልቅ ክር ይተርፋል፤ ሳይተርፍ ቀርቶ አያውቅም። ሌላው ሹራብ ሠሪ ትርፉን አደባልቆ ካልሲ ይሠራበታል፣ ወይም ይጥለዋል። እሳቸው ግን የእያንዳንዱን ሰው ትርፍ ለብቻው ጠንጥነው፣ በአሮጌ የትራስ ልብስ ከትተው፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር ይሰቅሉታል። ምክንያቱም አንድ በርሜል ውስጥ የተነከረ ክር ሁለተኛ አይገኝም። ከዚያው ፋብሪካ፣ ያንኑ ቀለም ነው ብለው ቢገዙት እንኳ፣ ጎን ለጎን ሲያደርጉት ዐይን ይለየዋል። ስለዚህ ክርኑ ሲሳሳ፣ ኪሱ ሲቀደድ፣ አይጥ አንገቱን ስትቀምሰው ባለቤቱ ደረጃውን ይወጣል፤ እሳቸውም ከገዛ ክሩ ይጠግኑለታል።

«ለባሹ በሕይወት እስካለ ክሩ የሱ ነው» ይላሉ። «እኔ ጠባቂ ነኝ።»

ለባሹ ሲሞት ጥበቃው ያበቃል። ከቀብሩ ማግስት ከረጢቱን ከሚስማሩ ያወርዱና መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ትርፉን ብርድ ልብሱ ላይ ይጨርሱታል። ብዙ የተረፈው ሰፊ መስመር ይሆናል፤ እፍኝ የማይሞላ የተረፈው ቀጭን። ጠበቃውና ጫማ ጠጋኙ እዚያ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ በሕይወት ሳሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

እና እማማ ልቃቂት ብርድ ልብሱን ይዘው መስኮቱ ሥር ሲታዩ ካፌው ዝም ይላል። ጉንፋን ይዞት የሰነበተ ሰው በአንድ ጀምበር ይድናል። ጡረታ የወጣው ፖሊስ ሹራቡን ያዘዘው በብርቱካናማ ነው፤ «እዚያ መግባቴ ካልቀረ ከሩቅ ልታይ» ብሎ። አንድ ቆጥቋጣ ነጋዴ ደግሞ ትርፍ ካልኖረው የማይሞት መስሎት «ክሩ ሙልጭ ብሎ ይለቅ» አላቸው። እሺ ብለው ጨረሱለት፤ የግራ እጅጌው ጉልበቱ ላይ ደረሰ። አምስቴ ጠቅልሎ ይለብሰዋል። እስካሁንም አልሞተም፤ ካፌውን እየዞረ ያን እጅጌ ያሳያል።

ብርድ ልብሱ የሚጀምረው በግራጫ ነው። ከግርጌው፣ ሁለት ጣት የሚሆን፣ ዝናብ ያረገዘ ደመና የመሰለ ግራጫ። ይህ መስመር የልጃቸው አባት ነው። ልጅቷ አፍ ፈትታ «አባዬስ?» ማለት በጀመረችበት ክረምት እማማ ልቃቂት አንድ ከረጢት አውርደው የመጀመሪያውን ረድፍ ጀመሩ። ሲጨርሱ ልጅቷን እላዩ ላይ አስቀመጧትና «አባትሽ ይኸውልሽ» አሏት። ሞት ምን እንደሆነ የሚገባት ዕድሜ ላይ ደርሳ «ሞቷል ማለት ነው?» ስትላቸው «አዎ» አሉ። ሌሎቹ ሙታን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እየተደረቡ፣ ከእሱ በላይ።

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ገልብጣ ነው የምትለብሰው፤ ግርጌውን ወደ ራስጌ አድርጋ። ግራጫውን በጣቶቿ መሃል ይዛ ካልሆነ እንቅልፍ ባጠገቧ አያልፍም። አድጋ፣ ተምራ፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ፣ ነጭ ካፖርት ለብሳ ለሰው የእንቅልፍ ክኒን መሸጥ ከጀመረች በኋላም እሷ የምትተኛው በዚያው በግራጫው ነው።

አሁን መንገዱ ሁሉ የሚያውቀውን፣ እሷ ብቻ ያላወቀችውን ልንገራችሁ። ሰውየው አልሞተም ነበር።

ሰዓት ሠሪ ነበር። ከደረጃው ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ትንፋሹን መያዝ ያለበት ጠባብ ክፍል ነበረችው። አንድ ጠዋት ሚስቱ እማማ ልቃቂት የሠሩለትን ግራጫ ሹራብ ለብሶ «የሰዓት ሞላ ገዝቼ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ሻንጣ አልያዘም። ከዚያ ሌላ ከተማ ውስጥ ታየ ተባለ፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሴት ተባለ። ለእሳቸው አንቱ እያልኩ ለእሱ እሱ የምለው ለዚህ ነው፤ አንቱታውን መንገዱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጥቆታል። ፀጉር አስተካካዩ «እስኪ አትፍረዱበት» ይል ነበር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፤ «ይሄኔ የሞላውን ብረት ከጉድጓድ እያወጡለት ይሆናል።»

ይህ መንገድ የማን ድስት እንዳረረ ባለድስቷ ከማወቋ በፊት የሚያውቅ መንገድ ነው። የጎረቤት ማስነጠስ ጥግ ሳይደርስ ሳንባ ምች ይሆናል። ይህን አንድ ነገር ግን ዋጠው። ልጅቷ ካፌ ስትገባ ወሬው ይቆማል፤ ወንበር ይሳብላታል። እሷም እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው ትል ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ በዋለበት አንድ ከሰዓት፣ የእማማ ልቃቂት በር ተንኳኳ። የሕፃን ካልሲ ተረከዝ እያዞሩ ስለነበር ቀና ሳይሉ «ክፍት ነው» አሉ።

ሰውየው ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ፀጉሩ ከሹራቡ ጋር አንድ ቀለም ሆኗል፤ ሁለቱም ውሃ ያንጠባጥባሉ። እማማ ልቃቂት መጀመሪያ ያዩት ፊቱን አይደለም፤ የሹራቡን አንገት ነው። የገዛ እጃቸውን ሥራ በጨለማም ይለዩታል።

«ደኅና ዋልሽ» አለ።

መርፌው ቆመ።

«ሞላው ተገኘ?» አሉት።

ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩ እምቢ አለው። ቀኝ ክንዱን አጠፈና ክርኑን አዞረላቸው። በሹራቡ ቀዳዳ ሸሚዙ ይታያል፤ በሸሚዙ ቀዳዳ ቆዳው።

«አልቋል» አለ። «ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ስለምሠራ… ታውቂው የለ።»

«አውቃለሁ።»

«ለባሹ በሕይወት እስካለ ክሩ የሱ ነው ትዪ ነበር።»

«አሁንም እላለሁ።»

«እና ክሬን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ክርህ የለም። ለባሹ ሞቷል።»

«ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነሃ።»

ሰውየው ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። «መቼ?» አለ።

«ልጅህ አፍ የፈታች ሰሞን።»

ታች የካፌው ማሽን እንፋሎቱን ተፋ፤ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። 

«የት ነኝ ታዲያ?»

እማማ ልቃቂት በአገጫቸው ወደ አልጋው አመለከቱት። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ግራጫው ወደ ትራሱ በኩል። ሰውየው ጠጋ ብሎ አላየውም። እግሩ ከምንጣፉ ጠርዝ አላልፍ አለው።

«ታውቃለች?»

«መሞትህን ታውቃለች።»

«ልረብሻት አይደለም የመጣሁት። ክርኔን በርዶኝ ነው።»

«ሰው ክርኑን ስለበረደው ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ አይመጣም።»

«አይመጣም» አለ ሰውየው፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ሹራቡን በራሱ ላይ አውልቆ ባዶው ወንበር ላይ አኖረው። «አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ማረፊያ ቤት ነኝ። እሑድ እመጣለሁ። ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘም መብትሽ ነው» አለና በሸሚዝ ብቻ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ሰውየው ሲያልፍ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ አይቶት መቀሱን አየር ላይ ሰቅሎ ቀረ። የደንበኛው ጆሮ የተረፈው በእግዜር ጥበቃ ነው።

እማማ ልቃቂት የቀራቸው ጊዜ ልጃቸው ከሥራ እስክትመለስ ብቻ ነበር። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ግራጫ ፈለጉ። የዳይሬክተሩ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የነርሷ ግራጫ አይጥ ይመስላል። ቢመሳሰልስ? የሰዎቹ ነው፤ ሰዎቹ አሉ፤ ታች ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዱን መቁረጥ፣ ክርኑን ደፈን አድርጎ ሰውየውን መሸኘት ይቻል ነበር። እሱ ይሄዳል፤ ልጅቷ ምንም ሳታውቅ ግራጫዋን ይዛ ትተኛለች። ይህን አሰቡት። አላሰቡትም ብዬ ጻድቅ አላደርጋቸውም።

እውነተኛው ክር ደግሞ ያለበት ክፉ ቦታ ነው። ሹራብ የሚተረተረው ካለቀበት ጫፍ ነው፤ ግራጫው ያለው ከተጀመረበት። እሱ ጋ ለመድረስ በቅርቡ የገባችውን የፖስታ ቤቷን ሴትዮ መፍታት፣ ከዚያ ጠበቃውን፣ ከዚያ ጫማ ጠጋኙን፣ ሁሉንም ከግራጫው ቀጥላ እስካለችው ወተት ሻጭ ድረስ ከእንቅልፋቸው መቀስቀስ ሊኖርባቸው ነው። ሌላው መንገድ መቀስ ነው። ከግራጫው በላይ ያለውን ረድፍ አንድ ቦታ ቆርጦ ክሩን ከዳር እስከ ዳር ቢስቡት ግርጌው ይለያል፤ ከላይ የሚቀሩትን ክፍት ቀለበቶች በመርፌ ለቅሞ መዝጋት ነው። እጅጌ ሲያሳጥሩ ስንቴ አድርገውታል። ብርድ ልብሱ ላይ ግን መቀስ አሳርፈው አያውቁም። ቢያሳርፉስ፣ ልጅቷ ማታ ምን ይዛ ትተኛለች?

እግሯን ደረጃው ላይ ሲሰሙ ሹራቡን ሊደብቁ ተነሡ። አልደረሱበትም። ልጅቷ ገባች፣ ጃንጥላዋን አራገፈች፣ «ኡፍ፣ እግሬ!» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ሹራቡ ላይ። ምን እንደሆነ ሳታይ ከሥሯ ለማውጣት እጇን ላከች።

ጣቶቿ እዚያው ቆሙ።

«እማዬ» አለች፤ «ይሄ እኮ አባዬ ነው።»

እናቷ ጃንጥላዋን አንስተው ጥግ አቆሙት።

«በዚህ ክር ሌላ ሹራብ ሠርተሻል?»

«አንድ ብቻ ነው የሠራሁት።»

ሹራቡን አውጥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የማሽን ዘይት፣ ዝናብ፣ የሰው አንገት። ብብቱ ሥር ገና ለብ ያለ ነገር ነበረው። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው የቆየውንና ያልቆየውን ለመለየት ብዙ አይቸገርም።

«ማን ነው አሁን ያወለቀው?»

እማማ ልቃቂት ተቀመጡና ነገሯት። ረጅም አላደረጉትም። ሄደ፤ አልሞተም፤ ሄደ።

«አንቺ ግን ሞተ አልሽኝ።»

«ሄደ ብልሽ ትጠብቂዋለሽ። መጠበቅን አንድ ክረምት ሞክሬዋለሁ። ለልጅ የሚሆን ሥራ አይደለም።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«የቆዩት… ሁሉም።»

«ጋሼ ፀጉር አስተካካዩም?»

«እሱማ፣ ሲወጣ በዐይኑ ያየ ነው።»

«የአባትሽን ነፍስ ይማር እያለ ከረሜላ ይሰጠኝ ነበር እኮ!»

«ከረሜላው እውነተኛ ነው» አሉ እማማ ልቃቂት።

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቁ። ልጅቷ ብርድ ልብሱን አንስታ እናቷ አልጋ ላይ ወረወረችውና በነጭ ካፖርቷ ተጠቅልላ ተኛች። ተኛች ስል ጋደም አለች ማለቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል ቃላት የሚታደሉበት ቤት ሆነ። «ጨው» ትላለች አንዷ፤ «ይኸው» ትላለች ሌላዋ፤ እራቱ ያልቃል። በእኔ ግምት ግድግዳው ላይ ያሉት ክሮች ከነሱ ይልቅ ይነጋገሩ ነበር። ልጅቷ ካፌው ደጃፍ ስታልፍ ወሬው እንደ ድሮው ቆመ፤ አሁን ግን ለምን እንደሚቆም ስላወቀች ዞር ብላ አንድ በአንድ አየችን። ስኒው ውስጥ ያልተደበቀ ሰው አልነበረም። ፖሊሱ በዚያ በብርቱካናማ ሹራቡ የት ይግባ!

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ በፀጉር ቤቱ መስታወት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ሲላጭ አየች። በሸሚዝ ብቻ ነው። የቀኝ ክርኑ ተቀዷል። ፊቱ በአረፋ ስለተሸፈነ አላየችውም፤ እጆቹን ግን አየቻቸው። የሰዓት ጥርስ በመቆንጠጫ የሚይዙ እጆች። ካፊያው ጃንጥላዋ ላይ ሲንጠባጠብ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ሳትገባ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ደጃፉን ሲጠርግ ደረሰችበት።

«እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ» አለ፣ መጥረጊያውን እንደ ጋሻ ይዞ።

«ጋሼ፣ የሞተ ሰው ፂም ይላጫሉ እንዴ?»

ይህ ሰው ለንጉሥም፣ ለደላላም፣ ለገዛ አማቱም መልስ አጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን መጥረጊያውን ዝቅ አደረገ።

«ምን አለዎት?» አለችው።

«ምን ይለኛል… በርዶኛል አለ። ካፖርቴን ልስጥህ ስለው እምቢ አለኝ። ልብስ አለኝ፣ ጥገና ላይ ነው አለ።» አፈር አፈሩን እያየ ጨመረ፦ «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ። ከረሜላው ሌላ የምሰጥሽ ነገር ስላልነበረኝ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጠ። እማማ ልቃቂት ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና መስኮቱን ከፈቱ። መነጽራቸውን ጠረጉ። መቀሱን አነሡ። መርፌ ይዞ ከማንም ሎሌ በላይ የሚታዘዛቸው እጅ መቀሱን ሲይዝ ተንቀጠቀጠ። አስቀመጡት። ደግመው አነሡት።

ልጅቷ አልጋዋ ላይ ሆና ስታያቸው ቆየች። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«የሱ ነው። በሕይወት ካለ የሱ ነው፤ ሕጌ ነው።»

«ሕግሽ አሁን ነው ትዝ ያለሽ?»

«አሁን ነው።»

«ሌላ ግራጫ አልነበረም?»

«ቢኖርስ? አንዴ በክር ዋሽቻለሁ። ይበቃኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ «ያንቺም ነው ግን። ከሱ ይልቅ አንቺ ኖረሽበታል። አይቆረጥ ካልሽ እሑድ በር ላይ ሆኜ የለም እለዋለሁ። ላንቺ ብዬ መዋሸቴ አይደለም፤ ያንቺ ከሆነ ለሱ እውነትም የለም ማለት ነው።»

ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ፤ ታች ወንበር ተጎተተ። ልጅቷ ተነሥታ መጣችና ግራጫውን በሁለት ጣቶቿ መሃል ያዘችው፣ ማታ ማታ እንደምትይዘው። ለካ በቀን ብርሃን አስተውላው አታውቅም ነበር። እሷ የምትይዝበት ቦታ ሳስቷል፤ ነጥቷል።

«አንቺ በዚህ እጅሽ ወተት ሻጯን ትቆርጫታለሽ» አለች። «አምጪው።»

እናቷ ክሩን በመርፌ ጫፍ አንስተው አሳዩዋት። ልጅቷ ቆረጠችው። ድምፁ ምንም አይደለም፤ ጥፍር ሲቆረጥ ያህል እንኳ አይሆንም። እማማ ልቃቂት ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ከዚያ ሥራ ነው። ልጅቷ ክሩን ቀስ እያለች ትስባለች፤ እናቷ ከኋላ ከኋላ የሚከፈቱትን ቀለበቶች አንድ በአንድ መርፌያቸው ላይ ይለቅማሉ። አንዷ ካመለጠች ወተት ሻጯ ትተረተራለች። ራስ ለራስ ተገናኝተው፣ ትንፋሻቸው እየተነካካ፣ ያን ሳምንት ያልተባባሉትን በዚያች ጠረጴዛ ላይ ተባባሉ፦ «ቆይ»፣ «ያዝኳት»፣ «አሁን ሳቢ»፣ «ቀስ»። ዳር ሲደርሱ ግራጫው ለብቻው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሲያዩት ትንሽ ነበር።

ሲተረትሩት ክሩ ቀጥ አላለም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ታጥፎ የኖረበትን ቅርጽ እንደያዘ ተጥመለመለ፤ ከሹሩባ የተፈታ ፀጉር መሰለ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ እንዲቃና ከሥሩ ማንኪያ አንጠልጥለው መስኮቱ ላይ ሰቀሉት። ከካፌው ሆነን አየነው። ነጋዴው እንኳ እጅጌውን ማሳየት ትቶ አንገቱን አቀና።

ማታውን እማማ ልቃቂት የብርድ ልብሱን አዲስ ግርጌ ዘጉ። አሁን የሚጀምረው በወተት ሻጯ ቡናማ ነው። የሷስ መሞት አያጠራጥርም፤ ሙሉው መንገድ ቀብሯታል።

እሑድ ሰውየው መጣ። በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት።

«ይግቡ» አለች።

ገባ። አያት፤ ለማየት የሚገባውን ያህል ግን አልደፈረም። እማማ ልቃቂት ሹራቡን አቀበሉት። ሲለብሰው ክንዱ እጅጌው ውስጥ መንገዱ ጠፍቶት ተወላገደ። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። በመጨረሻ እጁ ወጣ።

የሰዓት ሠሪ ዐይን ነው፤ ክርኑን ወደ ብርሃኑ አዞረና አጎንብሶ መረመረው። ጥገናው የት ጀምሮ የት እንዳለቀ በእጅ ሲዳስሱት አይታወቅም። ሲያዩት ግን ይታወቃል። ሹራቡ በዘይትና በጭስ ጠቁሯል፤ ክርኑ ላይ ያለው ግራጫ ደግሞ ነጣ ያለ ነው።

«ያው ክር ነው?» አለ።

«ያው ነው» አሉ እማማ ልቃቂት።

«ቀለሙ ግን ተለየ።»

«እኔ ይዤው ስተኛ ነው የነጣው» አለች ልጅቷ።

ሰውየው የግራ መዳፉን ክርኑ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያም አላነሣውም። እማማ ልቃቂት የሌለ ክር ከቀሚሳቸው ላይ ይለቅሙ ጀመር።

«እርስዎ አልሽኝ» አለ በመጨረሻ።

«ሌላ የምልዎት የለኝም።» ወደ መስኮቱ ዞረች። ማንኪያው ብቻውን መስኮቱ ደፍ ላይ ቀርቷል። «ለጊዜው» አለች።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ይዞ ቆም አለ። «ግራው ክርንም እየሳሳ ነው» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ለሚመጣው ክረምት የሚደርስ አይመስለኝም።»

እማማ ልቃቂት የተረፈውን ግራጫ አነሡ። ተጠንጥኖ እንቁላል አያህልም። በመዳፋቸው መዘኑት።

«ይበቃል» አሉ።

ደረጃውን ሲወርድ ሰማነው። መንገዱን ሲሻገር ፀጉር አስተካካዩ ቆቡን አነሣለት፤ ከምር ይሁን ከልማድ አልጠየቅነውም። ላይ ልጅቷ ልቃቂቷን ከእናቷ እጅ ወስዳ ንጹሕ የትራስ ልብስ ውስጥ ከተተቻት። ግድግዳው ላይ፣ በሕያዋኑ ረድፍ መሃል፣ አንድ ሚስማር ግራጫው ከወረደበት ጊዜ ጀምሮ ባዶውን ነበር። እዚያ አልሰቀለችውም። መዶሻ አመጣች፤ ሌላ ሚስማር ዝቅ አድርጋ መታች። ከአልጋዋ ሆና እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ።